ክሩ ሰማያዊ ነበር

ቂርቆስ፣ ጥቅምት 22 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለልጄ ለወልደአማኑኤል፣

ሰላምታውን ብርነሽ እንደ ልማዷ አሳምራ ልትጀምረው ነበር፤ ከለከልኳት። እህትህ ብዕር ስትይዝ ሰው ሁሉ ከናፍቆት በስተቀር ደህና ይሆናል። እኔ ደህና ነኝ፣ ናፍቆቱም አለ፣ ጉልበቴም ያመኛል፤ እንዲህ ብለሽ ጻፊ ብያታለሁ። እንደምታውቀው የኔ እጅ ከመቀስ ጋር እንጂ ከብዕር ጋር አልተላመደም። እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች፤ መጨረሻ ላይ መነጽሬን አድርጌ መስመር በመስመር አየዋለሁ። የጨመረችው ነገር ካለ እደርስበታለሁ።

ፖስታው ለምን በስፌት መኪና ተሰፋ፣ የክፍሌ ልጆች ሳቁብኝ ላልከው፦ ይሳቁ። ሙጫ በእንፋሎት ይለቃል። ካዛንቺስ ያለ የቢሮ ተላላኪ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ሱቄ ሱሪ ሊያሳጥሩ መጥተው የሚያወሩትን እሰማለሁ። የምንጠቀምበት የፖስታ ሣጥን ደግሞ የእድሩ ነው። የእድሩን ጸሐፊ ታውቀዋለህ፤ ደብዳቤው ሳይደርስ ወሬው ይደርሳል። ስፌት ግን አይዋሽም። አንዴ የተፈታ እንደሆነ ቀዳዳው ይቀራል፣ ሌላ ሰው በዚያው ቀዳዳ ልመልሰው ቢል መርፌው እሺ አይለውም።

ስለዚህ ውላችን ይህ ነው። በየደብዳቤው መጨረሻ የሚቀጥለው ፖስታ በምን ቀለም ክር እንደሚሰፋ እነግርሃለሁ። ክሩ ሌላ ከሆነ፣ ወይም ቀዳዳው ሁለት ረድፍ ከሆነ፣ ሰው ገብቶበታል ማለት ነው። ብርነሽ «ምን ምስጢር አለንና ነው?» ብላ ሳቀች። የኪስህ ውስጥ ምንም ባይኖር ሰው እጁን እንዲከትበት ትፈቅዳለህ? ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው ነገሩ።

የዩኒቨርሲቲው ካፌ ብቻዬን ሲሆን ይከብደኛል ያልከው አልገረመኝም። ዓይን አፋርነቱን ከእናትህ ነው የወሰድከው። እሷም፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ለቂርቆስ ንግሥ ስትሄድ እንኳ ሰው በማይበዛበት በኩል ዞራ ነበር የምትገባው። ሰው ፊት ላይ ማየት ካቃተህ ጫማውን እይ። ጫማ ስለ ሰው ብዙ ይናገራል።

የሚቀጥለው ሰማያዊ ነው።

አባትህ ነጋሲ

*

ኅዳር 10 ቀን 1996 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባባ፣

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ስፌቱን በአውራ ጣቴ ስፋት ለካሁት፤ ስድስት ቀዳዳ፣ አንድም የተዛነፈ የለም። የጉልበትዎን ነገር ብርነሽ ቅባቱን ታሽልዎት። መነጽር መቀየር ያስፈልግዎት እንደሆነ ስጠይቅዎ ይኸው ሁለተኛ ጊዜዬ ነው፤ አልመለሱልኝም።

ከማን ጋር እንደምኖር ልንገርዎ፦ አንድ ክፍል ውስጥ ስምንት ነን፣ አራት ተደራራቢ አልጋ። እኔ ከታች ነኝ። ከላዬ የሚተኛው ደጉ ይባላል፣ የሰላሌ ልጅ ነው። ክፍሉ ውስጥ የሚያናግረኝ እሱ ብቻ ነው። የሌሎቹ ጥፋት አይደለም፤ ሲያናግሩኝ መልሱን አስቤ እስክጨርስ ወሬው ሌላ ቦታ ደርሷል።

እውነቱን ልንገርዎትና አይዘኑ። ካፌው በር ላይ ሚል ካርድ፣ የምግብ መታወቂያችንን፣ የሚያይ ሰውዬ አለ። በመጀመሪያው ሳምንት ፎቶዬንና ፊቴን እያስተያየ «ይሄ አንተ ነህ?» አለኝ። «አዎ» ማለት ነበር፤ ጠፋኝ። ከኋላዬ ያለው ሰልፍ በሙሉ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን በሙዝ ዋልኩ። በሦስተኛው ቀን ደጉ ምንም ሳይጠይቀኝ «ተነስ፣ እንሂድ» አለኝ፤ አሁን በየቀኑ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል።

ደብዳቤም እንደዚያው ነው። ከምሳ በኋላ አንድ ሠራተኛ ደረጃው ላይ ቆሞ ስም ይጠራል። ሁለት መቶ ሰው መሀል እጅ አውጥቶ «አቤት» ማለት ነው። የመጀመሪያው ደብዳቤዎ የዘገየብኝ በፖስታ ቤት አልነበረም። ሦስት ቀን ስሜ ተጠራ፤ ሦስቱንም ቀን እዚያው ቆሜ ነበር። አሁን ግን ደጉ ስለኔ «አቤት» ብሎ ይቀበልልኛል።

ወልደአማኑኤል

*

ቂርቆስ፣ ኅዳር 30 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለልጄ ለወልደአማኑኤል፣

ስምህ ሲጠራ ዝም ብለህ ቆመህ ነበር ያልከውን ብርነሽ ሁለቴ እንድታነብልኝ አደረግኋት። አዘንኩ። ስምህን ያወጣሁልህ እኔ ነኝ፤ ረዘመብህ እንዴ?

መነጽሬ ደህና ነው። ደግመህ አትጠይቀኝ።

ስለዚህ ደጉ ስለሚባለው ልጅ አሰብኩበት። ሳይጠየቅ የሚረዳ ሰው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ጻድቅ ነው፤ ጻድቅ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ተመደበ ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ሰውን ማመን ቀብሮ ነው ሲባል ዝም ብሎ አይደለም። ደብዳቤህ በመጀመሪያ እሱ እጅ ይገባል ማለት ነው? ይህን አስብበት።

እዚህ ደግሞ ሰው ሁሉ ምን እንደነካው አላውቅም። ካዛንቺስ ያለው ሱቄ ውስጥ ጎረቤቶቼ ዕቃ ያዛውሩብኛል። አግዳሚውን ከለመደበት ቦታ ገፍተውት ሁለት ቀን በተከታታይ ጉልበቴን መትቶኛል። ማን እንደሆነ ስጠይቅ ማንም አያምንም። መብራቱም ደክሟል፤ ስለዚህ ሱቁን በጊዜ እዘጋለሁ። አንዱ የባንክ ሠራተኛ ያሳጠርኩለትን ሱሪ መልሶ አምጥቶ አንዱ እግሩ ያጥራል አለኝ። ሱሪው ልክ ነው አልኩት፣ አንተ ነህ የተዛነፍከው። ብርነሽ ይህንን አልጽፍም ብላ ነበር።

ሌላው ሁሉ ሰላም ነው። ቃሌን ጠብቄ ይህን በሰማያዊ እሰፋዋለሁ። የሚቀጥለው ነጭ ነው።

አባትህ ነጋሲ

*

ታኅሣሥ 18 ቀን 1996 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባባ፣

ሰላምታዬን ባሳጥረው ይቅር ይበሉኝ።

ፖስታው የተሰፋው በአረንጓዴ ክር ነው። ሰማያዊ አይደለም። መስኮት ላይ ይዤ ሄድኩ፣ ውጪ ፀሐይ ላይ ይዤው ወጣሁ፤ አረንጓዴ ነው። ቀዳዳው ሁለት ረድፍ ነው። የመጀመሪያው ረድፍ ተፈትቷል፣ ሁለተኛው ደግሞ ከቀኝ ተነስቶ እየተንሸራተተ ወደ ታች ወርዷል፣ ጥግ ላይ ከፖስታው ሊወጣ ምንም አልቀረው። እርስዎ እንዲህ ሰፍተው አያውቁም። የሕፃን ቁምጣ እንኳ እንዲህ አይሰፉም።

ያመጣልኝ ደጉ ነው። እንደ ሌላው ጊዜ ወዲያው አልሰጠኝም፤ «ማታ አልጋህ ላይ አስቀምጥልሃለሁ ብዬ ረሳሁት» አለኝ፤ አንድ ቀን ሙሉ እሱ ጋ ውሎ አድሯል ማለት ነው። በማግሥቱ ካፌ ቁጭ ብለን፣ «አባትህ ሱሪ ይሰፋሉ አይደል? በዓል ላይ አንድ ይሰፉልኛል?» አለኝ። እኔ ሥራዎን ነግሬው አላውቅም! ለማንም አልነገርኩም። ከዚያ ሎከሩን፣ የዕቃ ማስቀመጫውን፣ ሲከፍት አየሁ፤ መርፌና ክር በላስቲክ ጠቅልሎ አስቀምጧል።

ምናልባት የራሴ ጥርጣሬ ብቻ ነው። ምናልባት ደግሞ እርስዎ ኅዳር ላይ እንዳሉኝ ነው። ከትናንት ጀምሮ ከሱ ጋር ካፌ አልገባም፤ ራሴን አመመኝ እለዋለሁ። እሱም «ዳቦ ላምጣልህ?» እያለ ይጠይቀኛል፤ ይህም ራሱ ምን ፈልጎ ነው እላለሁ።

በእውነት በሰማያዊ ነበር የሰፉት? ሌላ ሰው አልሰፋውም? አንዲት ቃል ብቻ ይመልሱልኝ።

ወልደአማኑኤል

*

ቂርቆስ፣ ጥር 3 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለልጄ፣

ሰማያዊ ነበር። በራሴ እጅ ነው የሰፋሁት። አርባ ዓመት የሰፋሁ ሰው ቀለም አይጠፋኝም።

ሁለተኛ ረድፍ አልሰፋሁም። ስለዚህ ከኔ እጅ ከወጣ በኋላ ሰው ገብቶበታል። ያመጣው ማን ነው? መርፌ ያለው ማን ነው? ለአንተ እኔ ልነግርህ አይገባም።

ከእንግዲህ ስፌቱን ትተነዋል፤ ሌባው ብልሃታችንን አውቋል። ይህንን በሙጫ አሽገን በአደራ እንልከዋለን፤ የተማሪዎች ጽሕፈት ቤት ገብተህ ራስህ ፈርም። ስለ ሱቁም አትጠይቀኝ፣ ለእድሳት ለጥቂት ቀን ዘግቼዋለሁ። ትምህርትህን ያዝ።

አባትህ ነጋሲ

ወልዴ፣ ብርነሽ ነኝ። ይህችን መስመር አባባ አያያትም። ፈተናህን ተፈተን፣ በሰው ላይ ግን አትቸኩል። አደራ።

*

የካቲት 5 ቀን 1996 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባባ፣

ስለ ፈተናው ልንገርዎ፣ አንዱ አመለጠኝ። የሂሳብ ፈተናው ቀን የገባሁበት አዳራሽ የሁለተኛ ዓመት ኬሚስትሪ ይፈተንበት ነበር። ወረቀቱ ሲታደል ገባኝ። ተነስቼ መውጣት ነበረብኝ፤ ሁሉም ሰው አንገቱን ደፍቷል፣ በሩ ደግሞ ከፊት ነው። ሰዓቱ እስኪያልቅ ኬሚስትሪውን እያየሁ ተቀመጥኩ። መምህሩ አዝኖልኝ ሐምሌ ላይ እንድቀመጥ ፈቅዶልኛል።

ሌላውን ነገር ደግሞ አድርጌዋለሁ። ፊት ለፊት መጠየቅ አልቻልኩም። የዶርማችን ኃላፊ፣ ፕሮክተሩ፣ በር ላይ የአስተያየት ሣጥን አለው። ስሜን ሳልጽፍ አንዲት ወረቀት ከተትኩ፦ «ዶርም 208 የሰው ደብዳቤ እየተከፈተ ነው። የሚቀበለው ልጅ ይጠየቅ። ሎከሩ ውስጥ መርፌና ክር አለው።»

ሁለት ቀን ቆይቶ መጡ። ሎከሩን ሁላችን ባለንበት አስከፈቱት። መርፌው ወጣ፣ ክሩ ወጣ፤ ክሩ ጥቁር ነው። ደጉ «ብርድ ልብሴን የምጥፍበት ነው» አላቸው፤ ብርድ ልብሱም እውነት የተጣፈ ነው። እሱ የሚቀበለው የኔን ደብዳቤ ስለሆነ «ፖስታህን አምጣ» አሉኝና ሁለቱን ረድፍ አዩት። ፕሮክተሩ ራሱን ነቀነቀ። ልጆቹ ከዚያ ቀን ጀምሮ «ፖስተኛው» ይሉታል። ማንም ቁልፉን እሱ ፊት አያስቀምጥም። በሳምንቱ ወደ ሌላ ሕንፃ ቀየሩት።

ዕቃውን ሲያወጣ ፍራሹን አብሬው ተሸከምኩለት። ለምን እንደተሸከምኩ አላውቅም። በር ላይ «አንተ እንኳ አታምነውም አይደል?» አለኝ። ጫማውን ነበር የማየው።

ልክ ነበርን አይደል፣ አባባ?

ወልደአማኑኤል

*

ቂርቆስ፣ የካቲት 26 ቀን 1996 ዓ.ም.

ወልዴ ወንድሜ፣

ይህ ደብዳቤ የኔ ነው፤ አባባ ቃሉን አልሰጠኝም። ቁጭ ብለህ አንብበው።

አባባ አያይም። ፈጽሞ አያይም ማለቴ አይደለም፤ በመርፌ ቀዳዳ እንደሚያይ ሰው ፊት ለፊቱ ያለውን ትንሽ ነገር ያያል፣ ጎንና ጎኑ ጠፍቶበታል፣ ቀለምም አይለይም። ሐኪሙ ግላኮማ ነው አለን። የጠፋው አይመለስም፣ የቀረችውን በጠብታ ለማቆየት እንሞክራለን ብሎናል። የጀመረው አንተ ሳትሄድ ነው። ለማንም አልተናገረም። ከቤት እስከ ሱቅ ያለውን መንገድ በእርምጃ ቆጥሮ ይዞት ኖሯል። አግዳሚውን ማንም አላዛወረበትም። የባንክ ሠራተኛውም እግር ልክ ነው።

እኔ ያወቅሁት ኅዳር መጨረሻ ነው። ሱቅ በድንገት ስገባ ፖስታህን በጣቱ እየዳሰሰ ነበር፣ ስፌቱ ክዳኑን ስቶት ስለወጣ ፈትቶ እንደገና ሊሰፋው። ሁለቱ ረድፍ የራሱ ነው። ያ ተንሸራቶ የወረደው ስፌት የአባባ እጅ ነው፣ ወልዴ።

ክሩንም ልንገርህ። ክሮቹን የሚያውቃቸው በተደረደሩበት ነው፤ ከግራ ሦስተኛው ሰማያዊ፣ አራተኛው አረንጓዴ። በዚያ ሳምንት መደርደሪያውን ጠርጌ መልሼ የደረደርኳቸው እኔ ነኝ። ሥራ ያቀለልኩለት መስሎኝ! ፖስታው ተሰፍቶ ሲወጣ አረንጓዴ መሆኑን አይቻለሁ። ለአንተ ሰማያዊ እንዳለህ የጻፍኩትም እኔው ነኝ፤ ግን ብናገር ስለ ዓይኑ ማወቄን ያውቃል ብዬ ዝም አልኩ። አንድ ክር ምን ያመጣል አልኩ።

አረንጓዴ ነው ብለህ ስትጽፍ ያኔ ተነጋገርን። «ንገረው» አልኩት። «ልጁ ትምህርቱን ጥሎ እኔን ሊመራ ይመጣል፣ ፈተናው ይለፍ» አለ፣ አስማለኝም። ስለዚህ ሌባ ያስፈልገን ነበርና ሌባ ፈለግን። እኔ በብዕሬ ጻፍኩት። ከታች ያችን አንዲት መስመር ከመጨመር በቀር ምንም አላደረግሁም፤ ይህንንም ራሴን አልምረውም።

የጥቅምቱ ፖስታ ላይ የሱቁ ማኅተም አለበት፤ «ነጋሲ ልብስ ስፌት» ይላል። ደጉ የአባባን ሥራ ያወቀው ከዚያ ነው። ፖስታህን ገልብጠህ አይተኸው አታውቅም?

የመጨረሻውን ደብዳቤህን አነበብኩለት። ሎከሩን አስከፈቱት የሚለው ላይ ስደርስ «በቃ» አለኝ። ቆይቶ «ያ ልጅ ሲወጣ ምን አለ?» ብሎ ጠየቀኝ፤ በር ላይ ያለህን አነበብኩለት። ከዚያ ቀን ወዲህ ሱቅ አልሄደም። ስለ ደጉ ደግሞ በየቀኑ ይጠይቀኛል።

ና አልልህም። ተማር። ግን አስተካክለው።

እህትህ ብርነሽ

*

መጋቢት 19 ቀን 1996 ዓ.ም.

እታለም ብርነሽ፣

ደብዳቤሽ ሲመጣ ስሜ ደረጃው ላይ ተጠራ። የሚቀበልልኝ ሰው የለም፤ «አቤት» አልኩ። ሁለተኛ ጊዜ ጮክ ብዬ ደገምኩት። ማንም አልሳቀም። ይህን ያህል ወር የፈራሁት ነገር ይህ ነበር።

የጻፍሽውን መታጠቢያ ቤት በር ዘግቼ አነበብኩት። ለአባባ ያለቀስኩትን ለራሴም አለቀስኩ፤ የትኛው የማን እንደሆነ መለየት አልችልም። ወደ ቤት ልምጣ ብዬ ቦርሳዬን አዘጋጅቼ ነበር። «አስተካክለው» ያልሽው ግን እዚህ ነው ያለው፣ ስለዚህ ቦርሳውን መልሼ ፈታሁት።

ደጉን ነግሬው እንደሆነ ብትጠይቂኝ፦ አልነገርኩትም። አንድ ቀን ሕንፃው ድረስ ሄጄ በሩን ሳላንኳኳ ተመለስኩ። ሌላ ቀን ላይብረሪ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ፤ ቀና ብሎ አየኝና ሰላም አለኝ፣ እኔም ደብተሬን ሰበሰብኩ። ካፌ ብቻውን ነው የሚበላው። ማን እንደከሰሰው አያውቅም፤ የሚጠረጥረው ሌላ ልጅ ነው፣ እኔን አይደለም። ይህ ይበልጥ ያቃጥለኛል። ትናንት ብቻ፣ በስንት መከራ፣ አንድ ነገር ጠየቅኩት፦ «ለክረምት ስትሄድ አዲስ አበባ ታድራለህ?» አውቶቡስ ተራ አካባቢ አልጋ እይዛለሁ አለኝ። «እኛ ቤት እደር» አልኩት። አፌ ከዚያ አላለፈም።

ለአባባ ማወቄን አትንገሪው። እኔ እነግረዋለሁ።

ወልዴ

*

ሰኔ 29 ቀን 1996 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባባ፣

ይህን የሚያነብልዎ ደጉ ነው። ከሰላምታው በፊት ይህን ልንገርዎ፣ በድምፁ እንዲያውቁት። ፖስታውን አልሰፋውም፣ አልለጥፈውምም። ክፍቱን ይዘህ ትሄዳለህ ስለው እምቢ ብሎኝ ነበር። «ለጥፈው፤ እኔ የሰው ደብዳቤ ክፍት አልይዝም፣ የደረሰብኝ ይበቃኛል» አለኝ። የምታነብላቸው አንተ ነህ፣ ዓይናቸው ደክሟል ስለው እሺ አለኝ። አባቴ ፊት እስክትደርስ አታውጣው ብዬዋለሁ። አያወጣውም፤ በዚህ እርግጠኛ ነኝ።

አዎ፣ አባባ፣ ስለ ዓይንዎ አውቃለሁ። ብርነሽን አይቆጡ። አረንጓዴውን ክር አሁንም ይዤዋለሁ። እርስዎ በጣትዎ ፈልገው የሰፉት መሆኑን ካወቅሁ ወዲህ ደብተሬ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ፤ ከዚያ በፊት ግን በሱ ሰው አስይዤበታለሁ።

ከዚህ በታች ያለው ለደጉ ነው። ደጉ፣ አታቁም፣ ጮክ ብለህ አንብበው። እኔ ፊትህ ቆሜ ልለው አራት ወር ሞከርኩ፣ አልቻልኩም። ሽማግሌ ፊት ያልተባለ ይቅርታ ይቅርታ አይባልም፤ ለኔ ሽማግሌ አባቴ ናቸው።

ሣጥኑ ውስጥ ወረቀቷን የከተትኩት እኔ ነኝ። አንተ ደብዳቤዬን አልከፈትክም። ማንም አልከፈተውም። አባቴ ዓይናቸው ጠፍቶ ሁለት ጊዜ ሰፍተውት ነው፤ እኔ ሳልጠይቅ ፈረድኩ። ዳቦ ላምጣልህ ስትለኝ ምን ፈልጎ ነው ብዬ አስብ ነበር። ዕቃህን ስታወጣ «አንተ እንኳ አታምነውም» ያልከኝ እኔ ነኝ ይህን ያደረግኩብህ። ለፕሮክተሩ ስሜን ጽፌ፣ ፈርሜ፣ ዛሬ ጠዋት ሰጥቼዋለሁ፤ ስትመለስ ታገኘዋለህ። አሁን ብትነሳና ብትሄድ አባባ አይቀየሙህም። ግን መንገዱ ሩቅ ነው፣ እራትህን ብላ።

ፈተናዬን ሐምሌ 16 ተፈትኜ እመጣለሁ።

ወልደአማኑኤል

*

ቂርቆስ፣ ሐምሌ 5 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለልጄ ለወልደአማኑኤል፣

ይህን የሚጽፈው ደጉ ነው። ብርነሽ እኔ ልጻፍ ብትል እሱ ይጻፍ አልኳት። ቃሌን ቢለውጠው አላየውም፤ ቢቻለኝም አልፈትሸውም።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ እያልኩ አሳደግኩህ። ጎረቤቱን ጠረጠርኩ፣ የእድሩን ጸሐፊ ጠረጠርኩ፣ ይህን ልጅ ሳላየው ጠረጠርኩት። ስጠረጥር ኖሬ ዓይኔ ሲሄድ ግን ለልጄ መናገር አፈርኩ። ዓይን አፋርነቱን ከእናትህ ወሰድከው ብዬህ ነበር፤ ዋሽቼሃለሁ፣ ከኔ ነው። ደጉን ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፣ ጉልበቱን ይዤ። እሱ ከመሬት አነሳኝ።

ሱሪውን ጀምሬለታለሁ። በስንዝር ለክቼዋለሁ፣ ብርነሽ ስፌት መኪናው ላይ ትቀመጣለች፣ እኔ ጨርቁን እይዛለሁ። አንዱ እግር ቢያጥር ጥፋቱ የደንበኛው አይደለም።

አባትህ ነጋሲ

ወልዴ፣ ከዚህ በላይ ያለው የጋሼ ነጋሲ ቃል ነው፣ አንድም አልጨመርኩበትም። ይህ የኔ ነው።

ወረቀቷን የከተትካት አንተ መሆንህን ሳነብ ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ ጥዬ ወጣሁ። ቡልጋሪያ ሰፈር ድረስ በእግሬ ሄጄ ሚኒባስ ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ። ሰው እስኪሞላ ስንጠብቅ ቦርሳዬን እናንተ ቤት መርሳቴ ትዝ አለኝ፤ እውነቱን ልንገርህ፣ የተመለስኩት ለቦርሳው ነው። ጋሼ ነጋሲ በሩ ላይ ቆመው ነበር፣ ያለ ምርኩዝ፣ እጃቸውን ወደ መንገዱ ዘርግተው። የሚያልፈውን ሰው ሁሉ «ደጉ ነህ?» ይላሉ። ሰዉ ዝም ብሎ ያልፋል። ላልፋቸው አልቻልኩም። ገብቼ ከቆምኩበት ጀምሬ እስከ መጨረሻው አነበብኩላቸው።

ይቅርታህን ሰምቻለሁ፤ የሰማሁት ግን በራሴ ድምፅ ነው። እሱ አይበቃኝም። መስከረም ላይ 208 ትመጣለህ፣ ስድስቱም ልጆች ባሉበት ትቆማለህ፣ ስሜን ትጠራለህ።

አቤት እልሃለሁ።

ደጉ